ልጅ እንዳይከፍተው የታሸገ ባትሪ አዋቂውን ለምን ያስቸግረዋል?

የእናቴ የስኳር መለኪያ አንድ ቀን ጠዋት ባትሪው አለቀና አልበራ አለ። መለዋወጫው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድ ካርድ ላይ የተደረደሩ አራት ክብ ባትሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የፕላስቲክ ጉድጓድ ተቀምጠው፣ ጀርባቸው በጠንካራ ሽፋን ተለብጧል። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ «ተወው፣ እኔው እከፍተዋለሁ» አለችኝ። የካርዱን ጥግ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥጣ ሳበችው፤ አዳለጣት። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠራርጋ ደግማ ያዘችው። ለዓመታት ሲያማት የኖረው የአውራ ጣቷ ሥር ቀላ፤ ካርዱ ግን ፍንክች አላለም። ቀጥላ በጥርሷ ሞከረች። ቢላዋ ስታነሳ አላስችል ብሎኝ እጇን ያዝኩ።

«ለልጅ ተብሎ የተሠራው እኔን ልጅ አደረገኝ» አለች፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

እሽጉ እንዲህ የጠነከረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ የሕፃናት ሞት ነው። ጣቶቿ እንደ ድሮው የማይታዘዙላት ሴትም ምንም ጥፋት የለባትም። ልጅን ለመጠበቅ የተሠራው ነገር ከእሷ ጋር የት ላይ እንደተጋጨ ለማየት ከባትሪው መጀመር ይሻላል።

የትኛው ባትሪ ነው?

ብዙ ሰው «የሰዓት ባትሪ» የሚለው፣ ሳንቲም ወይም የልብስ ቁልፍ የሚመስለው ክብና ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ዛሬ ግን ከሰዓት ይልቅ በሌላ ዕቃ ውስጥ እናገኘዋለን፦ በሪሞት፣ በመኪና ቁልፍ፣ በትኩሳት መለኪያ፣ በሰውነት ሚዛን፣ በስኳር መለኪያ፣ ሲከፈት በሚዘፍን የልደት ካርድ፣ ሻማ መስለው በሚበሩ ትንንሽ መብራቶች።

በብዛት የሚታወቀው ጀርባው ላይ «ሲአር 2032» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ቁጥሩ ልኩን ይናገራል። 20 ማለት ከዳር እስከ ዳር 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ 32 ማለት ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። 2025 እና 2016 የሚባሉት ስፋታቸው ያው ሆኖ ውፍረታቸው 2.5 እና 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም በሊቲየም የሚሠሩ ባለ 3 ቮልት ባትሪዎች ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች፣ 20 ሚሊ ሜትሩንና 3 ቮልቱን፣ እንያዛቸው፤ አደጋው የሚመጣው ከሁለቱ ነው።

ለምን እንዲህ አድርገው ያሽጉታል?

ባትሪ የዋጠ ልጅ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከውስጡ ፈስሶ የሚመርዝ ኬሚካል ነው። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ባትሪ በትንሽ ልጅ የምግብ ቧንቧ ውስጥ አልፎ ወደ ሆድ ከመውረድ ይልቅ መሐል ላይ ይቀረቀራል። በሁለቱም ጎኑ እርጥብ ሥጋ ይነካዋል። ምራቁና ሥጋው እንደ ሽቦ ሆነው ኤሌክትሪኩን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። ኤሌክትሪኩ በእርጥበቱ ውስጥ ሲያልፍ ውኃውን ይከፋፍለዋል፤ በኔጌቲቭ ጎኑ በኩልም እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ኮስቲክ ሶዳ ማለት ሳሙና የሚሠራበት፣ የተዘጋ ቱቦ የሚጠረግበት ነው። ባትሪው ሳይቀደድና ሳይፈስ፣ ገና ከእሽጉ እንደወጣ አዲስ ሆኖ፣ ይህንን በሕፃኑ ጉሮሮ ውስጥ እዚያው ያመርተዋል።

በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊደርስ ይችላል። ቃጠሎው የምግብ ቧንቧውን በስቶ ወደ አየር ቧንቧ፣ ሲብስም አጠገቡ ወዳለው ትልቅ የደም ሥር ይደርሳል። ባትሪው ከወጣ ከቀናት፣ ከሳምንታትም በኋላ በደም መፍሰስ የሞቱ ልጆች አሉ።

«አልቋል» የምንለው ባትሪም ከዚህ አይወጣም። ውኃ በኤሌክትሪክ መከፋፈል የሚጀምረው ወደ 1.2 ቮልት ገደማ ላይ ነው። ባለ 3 ቮልቱ ባትሪ ሪሞቱን ማሠራት ሲያቅተው ከዚህ በላይ ኃይል ብዙ ጊዜ ይተርፈዋል። ለሪሞቱ ሞቷል፤ ለሕፃኑ ግን አልሞተም።

በአሜሪካ ሕጉን ያመጣው የአንዲት ልጅ ሞት ነው። ሪስ ሐምስሚዝ የምትባል የ18 ወር ልጅ የሪሞት ባትሪ ውጣ በታኅሣሥ ወር 2020 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚያው) በቴክሳስ ሞተች። እናቷ ባደረገችው ብርቱ ትግል «የሪስ ሕግ» የተባለው ሕግ በነሐሴ 2022 ጸደቀ። ሕጉ በዋናነት ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የዕቃው የባትሪ ክዳን በቀላሉ እንዳይከፈት፣ ባትሪው የሚሸጥበት እሽግም ልጅ እንዳይከፍተው። የእሽጉ ግዴታ ከየካቲት 12 ቀን 2023 በኋላ የተመረቱ ወይም ወደ አገሪቱ የገቡ ባትሪዎችን ይመለከታል። አውስትራሊያ ቀድማለች፤ አስገዳጅ ደንቧ ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 22 ቀን 2022 ነው።

«ልጅ የማይከፍተው» ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

«ልጅ ፈጽሞ ሊከፍተው የማይችል» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ እሽግ የለም። ትርጉሙ ልጅን የሚያዘገይና አብዛኛውን ልጅ የሚያሸንፍ ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚለካውም በፈተና ነው። የአሜሪካው የባትሪ ሕግ አዲስ ፈተና አልፈጠረም፤ በ1970 ለመድኃኒትና ለቤት ውስጥ ኬሚካሎች በወጣ ሕግ ሥር ወደተዘጋጀው ፈተና መራ። ፈተናው ሁለት ገጽ አለው።

የመጀመሪያው ለልጆች ነው። ከ42 እስከ 51 ወር የሆናቸው፣ ማለትም አራት ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ወይም ገና የሞላቸው ልጆች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቀመጡና እሽጉ ይሰጣቸዋል። 5 ደቂቃ አላቸው። ካልከፈቱት ፈታኙ ዓይናቸው እያየ ይከፍተዋል፤ ከዚያ ሌላ 5 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። በጥርሳቸው መጠቀም እንደሚችሉም ይነገራቸዋል። እሽጉ የሚያልፈው ፈታኙ ከፍቶ ሳያሳይ ከ100ው ልጅ ቢያንስ 85ቱ፣ ከታየም በኋላ ቢያንስ 80ው ሳይከፍቱት ከቀሩ ነው።

ሁለተኛው ለአዋቂዎች ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 የሆነ 100 ሰዎች ይመረጣሉ፤ ግማሾቹ ከ60 በላይ፣ 70ዎቹ ሴቶች። አንድ በአንድ ይገባሉ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ተሰጥቷቸው መመሪያውን እያነበቡ ይከፍታሉ፤ ቀጥሎ ሌላ ተመሳሳይ እሽግ በ1 ደቂቃ ውስጥ። 90ዎቹ ከቻሉ እሽጉ አለፈ።

ይህ የአዋቂዎች ፈተና ድሮ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1990ዎቹ ድረስ የሚፈተኑት ከ18 እስከ 45 ዓመት የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ በቀላሉ ይከፍታል፣ እሽጉም ያልፋል። ቤት ሲገባ ግን አያት ክዳኑ ስለሚያስቸግራቸው መልሰው አይገጥሙትም፣ ወይም ክኒኑን ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡታል። የልጅ ልጅ የሚያገኘው ያንን ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ1995 ደንቡን አሻሽሎ ፈተናውን ለ50–70 ዕድሜ ያደረገው ይህን አይቶ ነው። በዚያ ውሳኔ ውስጥ ትልቅ እውቀት አለ፤ አዋቂው መክፈት ያቃተው እሽግ ልጁንም እንደማይጠብቅ ደንብ አውጪዎቹ ያን ጊዜውኑ ተረድተውት ነበር።

ታዲያ ፈተናውን ያለፈ እሽግ እናቴን ለምን አቃታት?

እንደ እሷ ያለ እጅ ስላልተፈተነበት።

ዕድሜው 70 ላይ ይቆማል። የ78 ዓመት ሰው በዚህ ፈተና ውስጥ የለም። በግልጽ የሚታይ የአካል ጉዳት ያለበት ሰውም ከመጀመሪያው አይመረጥም። ከእነዚህ ሁለቱ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው 5 ደቂቃ መክፈት ያልቻለ ተፈታኝ ወዲያው እንደወደቀ አይቆጠርም። ልጅን የሚከላከል ምንም ነገር የሌላቸው ሁለት ተራ እሽጎች ይሰጡታል፤ አንዱ ተጭኖ የሚዘጋ፣ አንዱ ተጠምዝዞ የሚከፈት። እነዚህን እያንዳንዳቸውን በ1 ደቂቃ ውስጥ ከፍቶ መዝጋት ካልቻለ ከፈተናው ይወጣል፤ ውጤቱም አይያዝም።

የፈታኞቹ ሐሳብ ይገባኛል። መለካት የፈለጉት እሽጉ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው፤ ተራ ክዳን የማይከፍት ሰው ስለዚህ እሽግ የተለየ ነገር አይነግረንም ብለው ነው። ለመለኪያ ያህል ትክክል ነው። ነገር ግን የአንድ ሕንፃ ደረጃ ለሰው ይመች እንደሆነ ለማወቅ ሰዎችን ጠርቶ፣ ክራንች ይዞ የመጣውን ከበር እንደመመለስ ነው። ደረጃው ይመቻል የሚል ውጤት ይወጣል። ውጤቱም ውሸት አይደለም፤ ስለ ቀሩት ሰዎች እውነት ነው። ክራንች የያዘው ሰው ግን ነገም ያንን ደረጃ መውጣቱ አይቀርም።

በዚህ ላይ የፈተናው ክፍልና ቤት አንድ አይደሉም። እዚያ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ብርሃንና የሚያበረታታ ሰው አለ። እናቴ ያን ጠዋት ምንም አልቀመሰችም፤ ስኳሯ ወርዶ ይሁን ወጥቶ አታውቅም፤ የምታውቅበት መሣሪያ ደግሞ ባትሪውን እየጠበቀ ነው። ስኳር ሲወርድ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል።

እጅ ምን ቢሆን ነው የሚያቅተው?

እጃችን ነገር የሚይዝባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንዱ መጨበጥ ነው፤ የመጥረጊያ እንጨት እንደምንይዘው፣ መዳፍና አምስቱም ጣት አንድ ላይ። ሌላው መቆንጠጥ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ። መጨበጥ የክንድን ጡንቻ ሁሉ ይዞ ይመጣል። መቆንጠጥ የሚያገኘው ኃይል ከዚያ በብዙ ያንሳል። ተራው የባትሪ ካርድ ቀጭን፣ ለስላሳና ጥግ ብቻ ያለው ነገር ስለሆነ የሚፈቅድልን መቆንጠጥን ብቻ ነው። ደካማውን አያያዝ መርጦ ጠንካራውን ጉልበት ይጠይቃል።

መቆንጠጥ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። አውራ ጣት እንደ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የምናሳርፈው ጫና ሥሩ ላይ ሲደርስ ተባዝቶ ነው። በ1977 የታተመ የእጅ ጥናት እንዳሰላው በጣት ጫፍ 1 ኪሎ ስንቆነጥጥ በአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ 12 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ይህ መገጣጠሚያ ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ከሚያልቁት አንዱ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ንጣፍ ተበልቶ አጥንት ለአጥንት ይፋተጋል፤ ሐኪሞች አርትራይተስ የሚሉት፣ በቤት «ቁርጥማት» የሚባለው ሕመም አንዱ ዓይነት ነው። የእናቴ ሕመም ይህ ነው። ጉልበት አጥታ ሳይሆን ጉልበቷን ስታወጣ የሚያማት ቦታ ላይ አሥራ ሁለት እጥፍ ሆኖ ስለሚያርፍባት ነው የምትለቀው።

የሌሎች ሰዎች ችግር ሌላ መልክ አለው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ጠዋት ጣቶቹ ደርቀው ይነሣል፤ እስኪፍታቱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ፓርኪንሰን ያለበት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅስቃሴውም ይዘገያል። ስትሮክ የመታው ሰው አንድ እጅ ብቻ ሊቀረው ይችላል፤ እሽጉ ደግሞ አንዱ እጅ ይዞ ሌላው እንዲስብ ይፈልጋል። ስኳር ለረጅም ዓመታት የኖረበት ሰው የጣት ጫፉ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ካርዱን ይዞ ይሁን አምልጦት ዓይኑ ካላየ አያውቅም። ዓይኑም ከደከመ «እዚህ ይቁረጡ» የሚለው ግራጫ መስመር በነጭ ካርድ ላይ አይታየውም።

«መቀስ አለ አይደል?» ይባላል። አዎ፣ አብዛኞቹ አዳዲስ እሽጎች ጀርባቸው ላይ የመቀስ ሥዕል አላቸው። ግን መቀስ ሌላ የጣት ሥራ ነው። የመቀሱ ቀለበት የሚያርፈው እዚያው የሚያመው አውራ ጣት ላይ ነው። ወፍራሙ ፕላስቲክ ሊቆረጥ ሲገባው በሁለቱ ስለቶች መካከል ይታጠፋል። ከተቆረጠም በኋላ ባትሪው ራሱ አለ፤ የተወለወለ፣ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ጠርዝ ብቻ ያለው። ከጣት ያመልጥና መሬት ላይ በጠርዙ እየተንከባለለ ሶፋ ሥር ይገባል። ጎንበስ ማለት የማይችል ሰው እዚያው ይተወዋል። ሶፋ ሥር የሚገባው ደግሞ የሚድኸው ልጅ ነው።

ይህ ለልጆቹ ደኅንነት ምን ያገባዋል?

በ2010 የታተመ፣ በአሜሪካ የተሰበሰቡ የባትሪ መዋጥ አደጋዎችን ያጠና ጥናት ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባትሪውን ከየት እንዳገኙት ቆጥሮ ነበር። 61.8 በመቶው ከዕቃው ውስጥ ራሳቸው አውጥተው፣ 29.8 በመቶው የትም ተቀምጦ ወይም ወድቆ ያገኙትን፣ 8.2 በመቶው ከእሽጉ ነው። ጥናቱ ከአዲሶቹ ሕጎች በፊት ስለሆነ የዛሬውን አይነግረንም። ሆኖም ከሁሉም በላይ ያቆመኝ መካከለኛው ቁጥር ነው፤ ከአሥር ሦስት ያህሉ እሽግም ክዳንም የሌለው ባትሪ ነው።

እሽግ ሲጠነክር 8 በመቶው ይቀንሳል። ጥሩ ነው። አዋቂው ግን ያንን እሽግ ለመክፈት ሩብ ሰዓት ከታገለ ቀጣዩን ጊዜ ማሰቡ አይቀርም። መቀስ የያዘ ጎረቤት ወይም ልጅ ሲመጣ «እግረ መንገድህን ሁሉንም አውጣልኝ» ይላል። አራቱም ባትሪዎች ከካርዱ ወጥተው ስኒ ውስጥ፣ ወይም ሳንቲም በሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ ይገባሉ። ከ8 በመቶው ወጥተው ወደ 30 በመቶው ተዛወሩ ማለት ነው። በ1995 የመድኃኒት ክዳን ላይ የታየው ነገር ይኸው ነው።

የተፈታው ባትሪ ለአዋቂውም አደጋ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ክኒን ያክላል፤ ከመድኃኒታቸው አጠገብ አስቀምጠውት በስህተት የዋጡ አረጋውያን አሉ።

ጉልበት የማይጠይቅ እሽግ መሥራት አይቻልም?

በር በሁለት መንገድ ማስጠበቅ ይቻላል፤ በጣም ከባድ በር በመሥራት ወይም በቁልፍ። ከባዱ በር ጉልበት ያለውን ሁሉ ያስገባል፣ የሌለውን ሁሉ ያስቀራል። ቁልፉ ግን የሚያውቀውን ያስገባል። ብዙዎቹ የባትሪ እሽጎች ከባድ በሮች ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ጥርስ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ተስፋ መቁረጥ አያውቅም። የጎደለው ቅደም ተከተል ማሰብና ሁለት የተለያየ እንቅስቃሴ ባንድ ጊዜ ማቀናጀት ነው። አዋቂው፣ ጣቱ ቢደክምም፣ ይህ አለው።

በካናዳ ዊንድሰር ከተማ ይሠራ የነበረ ሄንሪ ብሮ የተባለ የሕፃናት ሐኪም መድኃኒት ውጠው የሚመጡለት ልጆች ቢበዙበት በ1967 አዲስ ክዳን ይዞ ብቅ ያለው በዚህ ሐሳብ ነው። በመዳፍ ተጭነህ ታዞረዋለህ፤ ተጭኖ ብቻ ወይም ዞሮ ብቻ አይከፈትም። ሥራው ከጣት ጫፍ ወደ መዳፍ መዛወሩን ልብ ይሏል። እሱም ቢሆን ለሁሉም እጅ አይመችም፤ ለአንዳንዱ መጫኑ ራሱ ያምመዋል። መንገዱ ግን ትክክለኛ ነው።

ለባትሪም ይህ ይቻላል። አንድ ቦታ በመዳፍ እየተጫኑ በሌላው እጅ የሚያንሸራትቱት መሳቢያ ያለው እሽግ ሊሠራ ይችላል። ካርዱን ብቻ ማሻሻልም ብዙ ይረዳል፦ በመዳፍ ጠረጴዛ ላይ ተጭኖ የሚያዝ ሰፊ ካርድ፣ መቀስ በደንብ የሚገባበት በባትሪዎቹ መካከል ያለ ክፍተት፣ ከሩቅ የሚታይ ጥቁር የመቁረጫ መስመር፣ አንዱ ሲወጣ የቀሩትን የማይነካ አቆራረጥ። አንዳንድ አምራቾች ባትሪውን አፍ ላይ ሲደርስ በሚያንገሸግሽ መራራ ነገር ይቀቡታል። ልጁ እንዲተፋው ይረዳል ተብሎ ነው፤ ቅባቱ ግን በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ኤሌክትሪኩ በደንብ እንዳይነካካ ያደርጋል፣ ደግሞም እሽጉን አይተካም።

ለመድኃኒት አንድ መውጫ ተበጅቷል፤ በአሜሪካ በሐኪም የታዘዘለት ሰው ከጠየቀ ፋርማሲው ተራ ክዳን ሊሰጠው ይችላል። ባትሪ ላይ እንዲህ ይደረግ አልልም፤ ክብ ባትሪ ለልጅ ከብዙ ክኒን የከፋ ነው። የምለው ከ100ው ተፈታኝ በተጨማሪ የታመመ እጅ ያላቸው ሰዎች ለብቻቸው ተፈትነው ውጤታቸው ይነገር ነው። ማለፊያና መውደቂያ ባይሆን እንኳ፣ ከአምራቾቹ ማን ለእነሱ እንዳሰበ እናውቅበታለን።

እስከዚያው በቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

ከሁሉ በፊት ጥርስና ቢላዋ ይቅር። የተነቀለ ጥርስና የተቆረጠ መዳፍ ከባትሪው ይልቅ ውድ ነው።

ካርዱን እጅ ላይ ይዘው አይቁረጡት። ጠረጴዛ ላይ የማያንሸራትት ነገር ያንጥፉ፤ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ ወይም የረጠበ ጨርቅ ይበቃል። ካርዱን በመዳፍዎ፣ ካስፈለገም በክንድዎ ተጭነው ይያዙት። ቀለበት የሌለው፣ ሲለቁት በራሱ የሚከፈት መቀስ አለ፤ በሙሉ እጅ ጨብጠው ስለሚቆርጡበት አውራ ጣትን ያሳርፋል። የሚቆረጠው ጠፍጣፋው ጠርዝ ነው፤ የጉድጓዱን ዳር ተከትለው ይሂዱ፤ ባትሪውን ራሱን በመቀስ አይንኩት፤ ብረቱ ሁለቱን ጎኖች ባንድ ጊዜ ከነካ ያጋጫቸዋል። ሥር ሳህን ወይም ጎድጎድ ያለ ትሪ ያስቀምጡ፤ ባትሪው ቢያመልጥም እዚያው ይቀራል።

አንዱን ብቻ ያውጡ። ሌሎቹ እንደታሸጉ ይቆዩ። የሚያግዝዎት ሰው ቢመጣም «ሁሉንም ክፈትልኝ» አይበሉ፤ የእያንዳንዱን ጠርዝ በመቀስ ጥቂት ጀምሮ እንዲተውልዎትም አይጠይቁ፤ ያ እሽጉን ያላላዋል። ይልቁንስ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን እዚያው እንዲያስገባልዎት ይጠይቁት። የወጣውን ባትሪ ወዲያው በሁለቱም ጎኑ ፕላስተር ለጥፈው ልጅ ከማይደርስበት ያስቀምጡ፣ ወደ ባትሪ መሰብሰቢያም ይላኩት። ክኒን ካለበት መደርደሪያ ያርቁት።

የዕቃው ክዳንም ሌላ ትግል ነው። በአሜሪካ ደንብ ክዳኑ የሚከፈተው በመሣሪያ፣ ወይም ባንድ ጊዜ በሚደረጉ ሁለት የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎች መሆን አለበት፤ ስለዚህ ትንሽ ብሎን የተለመደ ነው። የካቻቢቴው እጀታ ወፍራም ቢሆን ጣት ሳይሆን መዳፍ ያዞረዋል። ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ይጠቅልሉበት። አዲስ ዕቃ ሲገዙ ደግሞ ስለ ባትሪው አስቀድመው ይጠይቁ። ቻርጅ የሚደረግ፣ ወይም በተለመደው ረጅሙ ባትሪ የሚሠራ የስኳር መለኪያ ወይም ሚዛን ካለ ይህን ሁሉ ጣጣ ከነአደጋው ያስቀራል። ለእናቴ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ልጅ ባትሪ ውጧል ብለው ከጠረጠሩስ?

ሲውጥ አላየሁም ብለው አይጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ምልክት ላይኖር ይችላል፤ ካለም ጉንፋን ይመስላል፦ ሳል፣ ለሃጭ መብዛት፣ ምግብ እምቢ ማለት። ቀጥታ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ባትሪ በራጅ ላይ ድርብ ቀለበት ሆኖ ስለሚታይ ከሳንቲም ይለያል። የባትሪውን እሽግ ወይም ያወጣበትን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥሩ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

እንዲያስታውክ አያድርጉ። የአሜሪካ የመርዝ መከላከያ ማዕከል መመሪያ እንደሚለው ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ መስጠት ይቻላል፤ ማሩ ባትሪውን ሸፍኖ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ፍለጋ ብለውም ከቤት መውጫዎን አያዘግዩ፤ ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ባትሪው ጉሮሮው ላይ ካረፈበት ደቂቃ ነው።